ላሊበላ፤ ደርሶ መልስ ወይስ አድሮ ማየት?

ጉብኝት ማለት አንድን ቦታ ረግጦ መመለስ ብቻ አይደለም። ጉብኝት ማለት የቦታውን አሠራር መመርመር፣ በዚያ የሚኖሩትን ሰዎች ሥራ ማስተዋልና ያዩትን ነገር ከተማሩት ጋር ማስተያየት ነው። ይህ ትርጓሜ ትክክል ከሆነ፣ ለጎብኚ ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው ሀብት ጊዜ መሆኑን እንረዳለን። ነገር ግን ብዙ ሰዎች፣ ከእነርሱም መካከል እኛ ተማሪዎች፣ ወደ ታላላቅ ቅርሶች ስንሄድ ጧት ደርሰን ማታ ለመመለስ እንቸኩላለን። ፎቶግራፍ እናነሣለን፤ «አየነው» እንላለን፤ ከዚያም ወደ መኪናችን እንሮጣለን። አባቶቻችን «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ያሉት ምሳሌ ለእንዲህ ያለው ጉዞም የሚስማማ ነው።

በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ጥያቄ የሚከተለው ነው። ወደ አንድ ስመ ጥር ቅርስ የሚሄድ ሰው በዕለቱ ደርሶ ቢመለስ ይሻለዋል ወይስ ቢያንስ አንድ ሌሊት ቢያድር? ለምሳሌ የወሰድነው ላሊበላን ነው። ስሙን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም፤ የተማሪዎች ጉዞም ሲታሰብ ከሚጠሩት ቦታዎች አንዱ እርሱ ነው። ዓመተ ምሕረቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲሆን፣ የአውሮፓው አቆጣጠር በሚያስፈልግበት ስፍራ «እ.ኤ.አ.» ተብሎ ተመልክቷል።

ስለ ቦታው ጥቂት ቃል

ላሊበላ በሰሜን ወሎ፣ በላስታ ምድር፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የሚገኝ ከተማ ነው። የቀድሞ ስሙ ሮሃ ይባል ነበር። የዛሬውን ስም ያገኘው በ12ኛው መቶ ዘመን መጨረሻና በ13ኛው መጀመሪያ ከነገሠው ከዛጔው ንጉሥ ከላሊበላ ነው። አብያተ ክርስቲያናቱ 11 ናቸው። 5ቱ ዮርዳኖስ ከሚባለው ወንዝ በስተ ሰሜን፣ 5ቱ በስተ ደቡብ ሲገኙ፣ ቤተ ጊዮርጊስ ብቻውን ተለይቶ ይቆማል። ከሁሉ የሚበልጠው ቤተ መድኃኔ ዓለም ርዝመቱ 33 ሜትር፣ ስፋቱ 23 ሜትር፣ ቁመቱም 11 ሜትር ያህል ነው።

የእነዚህ ሕንፃዎች አሠራር ከሌሎች ሕንፃዎች ሁሉ የተለየ ነው። ሌላው ቤት ከመሠረት ተጀምሮ ወደ ጣሪያ ይወጣል፤ እነዚህ ግን ቀላ ካለ የእሳተ ገሞራ ዐለት ውስጥ ከጣሪያቸው ተጀምረው ወደ መሠረታቸው የወረዱ ናቸው። ግንበኛ ድንጋዩ ቢበላሽበት ሌላ ይተካል። ጠራቢ ግን አንድ ጊዜ የቈረጠውን መመለስ አይችልም። ስለዚህ መስኮቱ፣ ዓምዱ፣ ደረጃውና የዝናቡ ውኃ መውረጃ ሁሉ መሮው ዐለቱን ከመንካቱ በፊት በአሳብ ተፈጽመው ነበር ማለት ነው። የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት (ዩኔስኮ) በ1970 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1978) በዓለም ቅርስ መዝገብ ከጻፋቸው የመጀመሪያዎቹ 12 ቦታዎች አንዱ ይህ ነው።

የጊዜው ሒሳብ

አሁን ወደ ጥያቄአችን እንመለስ። ከወልድያ በጋሸና በኩል ወደ ላሊበላ የሚወስደው መንገድ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አገሩ ተራራማ ስለ ሆነ አውቶቡሱ በሰዓት በአማካይ 45 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ብንል፣ ለመሄድ 4 ሰዓት፣ ለመመለስም 4 ሰዓት ይፈጃል። ተማሪዎቹ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ቢነሡ ከረፋዱ 4 ሰዓት ይደርሳሉ። ሳይመሽ 12 ሰዓት ላይ ለመግባትም ከቀኑ 8 ሰዓት መነሣት አለባቸው። በከተማው የሚቈዩት እንግዲህ 4 ሰዓት ነው። ከዚህም ላይ እንደ ልማዱ በሮቹ ከ6 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት ገደማ ለጎብኚዎች ስለሚዘጉ፣ የሚተርፈው 2 ሰዓት ብቻ ይሆናል።

2 ሰዓት 120 ደቂቃ ነው። 120ን ለ11 ብናካፍል ለአንዱ ቤተ ክርስቲያን 11 ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ከዚህም ውስጥ ጫማ ማውለቂያው፣ ጫማ ማጥለቂያው፣ ደረጃ መውጫ መውረጃውና ከአንዱ ወደ ሌላው መሄጃው ይቀነሳል። ከፀሐይ ወደ ጨለማ ቤት የገባ ሰው ዐይኑ ጨለማውን እስኪለምድ ድረስ ብዙ ደቂቃ ያስፈልገዋል። በግድግዳው ላይ ያለውን ሥዕል መለየት ሲጀምር አስጐብኚው «እንውጣ» ይለዋል።

አሁን ደግሞ እነዚያው ተማሪዎች ቅዳሜ ሄደው እሑድ ቢመለሱ ምን እንደሚሆን እንመልከት። ቅዳሜ ከ4 እስከ 6 ሰዓት፣ ቀጥሎም ከ8 እስከ 11 ሰዓት ያያሉ፤ ይህ 5 ሰዓት ነው። እሑድ ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ቀትር ቈይተው፣ ለቁርስ አንድ ሰዓት ቢቀነስ፣ ሌላ 5 ሰዓት ያገኛሉ። ከቀኑ 6 ሰዓት ቢነሡም በ10 ሰዓት ወልድያ ይገባሉ። ድምሩ 10 ሰዓት ነው። ልብ በሉ፤ የመንገዱ ድካም በሁለቱም ጉዞ ያው 8 ሰዓት ነው፤ የማየቱ ጊዜ ግን አምስት እጥፍ ሆኗል። የመኪናውን ኪራይ የከፈለ ትምህርት ቤት የቱ ጉዞ እንደሚያዋጣው ከዚህ ማወቅ ይችላል።

በአይሮፕላን የሚመጣም ሰው ቢሆን ከዚህ ሒሳብ አያመልጥም። ከአዲስ አበባ በረራው አንድ ሰዓት ያህል ቢሆንም አይሮፕላን ማረፊያው ከከተማው ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል፤ ከመነሻው ሰዓት ቀድሞ መገኘትም ግዴታ ነው።

ፀሐይዋ የምታስተምረን

ሁለተኛው ምክንያት የብርሃን ጉዳይ ነው። የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት በጉድጓድ ውስጥ የቆሙ ስለ ሆኑ፣ በሜዳ ላይ ከተሠራ ቤት ይልቅ የፀሐይ አቅጣጫ መልካቸውን ይለውጠዋል። ይህንን በሒሳብ ማሳየት ይቻላል።

ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት በመስከረም ወይም በመጋቢት ወር፣ በላሊበላ ቁመቱ 10 ሜትር የሆነ ቀጥ ያለ ግድግዳ አለ እንበል። ፀሐይ ከወጣች 2 ሰዓት በኋላ ከአድማስ 29 ዲግሪ ያህል ከፍ ትላለች። ቁመቱን ለማዕዘኑ ታንጀንት ስናካፍለው የግድግዳው ጥላ 18 ሜትር ያህል ይሆናል። በ3 ሰዓት ጥላው ወደ 10 ሜትር፣ በ4 ሰዓት ወደ 6 ሜትር ያጥራል። በቀትር ግን ፀሐይዋ 78 ዲግሪ ያህል ስለምትወጣ ጥላው 2 ሜትር ብቻ ነው።

ይህ ምን ያስረዳናል? ጠዋትና ማታ ብርሃኑ በስላች ስለሚመጣ የጠራቢውን የመሮ ምልክት፣ የመስኮቱን ጠርዝና የግድግዳውን ወጣ ገባ አጉልቶ ያሳያል። በቀትር ብርሃኑ ቀጥ ብሎ ስለሚወርድ የጣሪያው ገጽ ይደምቃል፤ የግድግዳው ወጣ ገባ ግን ይደበዝዛል። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጥገና ከተደረገ በኋላም ዝናብ ስላስቸገረ፣ በ2000 ዓ.ም. ገደማ (እ.ኤ.አ. 2008) በአውሮፓ ኅብረት ርዳታ ከአብያተ ክርስቲያናቱ በአንዳንዶቹ ላይ ትልልቅ መጠለያ ጣሪያ ተሠርቷል፤ ስለዚህ በእነርሱ ዘንድ ብርሃኑ እንደ ቀድሞው አይደለም። ቤተ ጊዮርጊስ ግን እስከ ዛሬ ያለ መጠለያ ስለ ቆመ ለዚህ ትምህርት ከሁሉ ይመረጣል። በጣሪያው ላይ አንዱ በሌላው ውስጥ የተቀረጹት ሦስት መስቀሎች በቀትርና በማታ እንዴት እንደሚታዩ ማስተያየት የሚችለው ሁለት ጊዜ ያያቸው ሰው ነው። ደርሶ መልስ የሚሄድ ሰው የሚያየው አንድ ሰዓት ላይ ያለውን ላሊበላ ብቻ ነው፤ ያም ሰዓት አብዛኛውን ጊዜ ቀትር ነው።

ሌሊቱ የያዘው ነገር

ሦስተኛው ምክንያት ከሁለቱ ይበልጣል። ብዙ የጥንት ሐውልቶች ባለቤታቸው ሞቶ ድንጋዩ ብቻ የቀረ ናቸው። ላሊበላ ግን ከ800 ዓመት በኋላም የተሠራበትን ሥራ ይሠራል። ቀን የመጣ እንግዳ በአንድ አደባባይ ቆሞ «ይህን ያህል ዐለት ለምን ቈፈሩ?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። መልሱን የሚያገኘው ሌሊት ነው። በእሑድና በበዓል ሌሊት ካህናቱ ማኅሌት ሲቆሙ፣ ከበሮና ጸናጽል ሲሰማ፣ ነጠላ የለበሰ ሕዝብ በጠባቡ መተላለፊያ እየወረደ ግድግዳውን ተደግፎ ሲቆም፣ ያ ባዶ የመሰለው ጉድጓድ የሰው ቦታ መሆኑ ይታወቃል። የዐለቱ ግድግዳ ድምፁን መልሶ ያሰማል። ደረጃው የት እንደሚያደርስ፣ መተላለፊያው ለምን እንደ ጠበበ፣ መቅደሱ ለምን በምሥራቅ እንደ ሆነ ያለ አስጐብኚ ይገለጣል።

ከዚህም የሚበልጥ ምሳሌ አለ። በገና ዕለት፣ ይኸውም የንጉሡ የላሊበላ የልደት በዓል በሚከበርበት ቀን፣ በቤተ ማርያም «ቤዛ ኵሉ» ይዘመራል። ከካህናቱ እኩሌቶቹ በላይ በዐለቱ ጫፍ ዙሪያ ይቆማሉ፤ እኩሌቶቹ በታች በአደባባዩ ይሆናሉ። የላዩና የታቹ እየተቀባበሉ ሲዘምሩ፣ ከላይ ወደ ታች የተጠረበው ሕንፃ ራሱ ለሥርዐቱ እንዴት እንደሚያገለግል በዐይን ይታያል። ይህንንም ለማየት ብዙ ምእመናን በእግራቸው ብዙ ቀን ተጕዘው ይመጣሉ፤ ሌሊቱንም በዚያው ያድራሉ። ስለዚህ በላሊበላ ማደር ቱሪስት ያመጣው አዲስ ልማድ አይደለም፤ የጥንት ተሳላሚዎች ሕግ ነው።

ከውጭ አገር ሰዎችም ስለ ላሊበላ አስፋፍቶ የጻፈው የመጀመሪያው ሰው ቸኩሎ የተመለሰ መንገደኛ አልነበረም። ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የተባለው የፖርቱጋል ቄስ እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 በአገራችን 6 ዓመት ያህል ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1540 በታተመው መጽሐፉም አብያተ ክርስቲያናቱን አንድ በአንድ ከገለጸ በኋላ፣ አንባቢዎቹ እንዳያምኑት በመስጋት የጻፈው ሁሉ እውነት መሆኑን በመሐላ አረጋግጧል።

የከተማው ኑሮ

አራተኛው ምክንያት የኢኮኖሚ ነው። ደርሶ የሚመለስ ጎብኚ የመግቢያ ዋጋ ይከፍላል፤ ምናልባት ምሳ ይበላል፤ ከዚያ በላይ ለከተማው የሚተወው ነገር ጥቂት ነው። የሚያድር ሰው ግን አልጋ ይከራያል፤ ራት ይበላል፤ ጧት ቁርስና ቡና ይፈልጋል። ያ አልጋ አንሶላ አጣቢ፣ ያ ራት ወጥ ሠሪና እንጀራ ጋጋሪ፣ ያ ሆቴል የሌሊት ዘበኛ ይፈልጋል። በማግስቱም አስጐብኚውን እንደገና ይቀጥራል፤ ከከተማው በላይ ባለው ተራራ ወደምትገኘው ወደ አሸተን ማርያም በበቅሎ ይወጣል፤ ወይም 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በዋሻ ውስጥ በድንጋይና በእንጨት ወደ ተሠራው ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ ይሄዳል። ከአንድ ሌሊት የሚወጣው ገንዘብ ስንት ቤት እንደሚገባ አንባቢ ራሱ ይቍጠር።

የላሊበላ ሕዝብ ጎብኚ ሲጠፋ ምን እንደሚሆን በቅርብ ዘመን በጽኑ ተምሯል። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ ዓለምን ሲዘጋ እንግዳ ጠፋ። ቀጥሎም በሰሜኑ ጦርነት ከተማው በሐምሌ 2013 ዓ.ም. መጨረሻ በትግራይ ኀይሎች ተይዞ፣ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ድረስ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ቈየ። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ በአማራ ክልል ሌላ ግጭት ተነሣ። በእነዚህ ዓመታት ሆቴሎች ባዶአቸውን ቀሩ፤ አስጐብኚዎችም ሥራ ፈቱ። እንዲህ ወዳለ ከተማ የሚሄድ ሰው አንድ ሌሊት ማደሩ ለራሱ ትምህርት፣ ለከተማው ደግሞ እንጀራ ነው።

የሌሎች አገሮች ምሳሌ

ይህ ጥያቄ የእኛ ብቻ አይደለም። በግብፅ የሚገኘው የአቡ ሲምበል ቤተ መቅደስ ከአስዋን 280 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ብዙ ጎብኚዎች ገና ሳይነጋ ከአስዋን ተነሥተው ሁሉም ባንድ ሰዓት ይደርሳሉ፤ በመጨናነቅ አይተው ወዲያው ይመለሳሉ። ነገር ግን በየዓመቱ በአውሮፓ አቆጣጠር በየካቲትና በጥቅምት 22 ቀን ገደማ የንጋት ፀሐይ እስከ ውስጠኛው ክፍል ዘልቃ ምስሎቹን የምታበራው በፀሐይ መውጫ ሰዓት ስለ ሆነ፣ ያንን ማየት የሚፈልግ እዚያው ማደር ይበጀዋል።

በኢጣልያ የሚገኘው የቬኒስ ከተማ ደግሞ በ2016 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2024) አዲስ ደንብ አወጣ። በተመረጡ ቀኖች ለአንድ ቀን ብቻ የሚመጡ ጎብኚዎች 5 ዩሮ እንዲከፍሉ ሲያደርግ፣ በከተማው ሆቴል የሚያድሩትን ግን የመኝታ ግብር ስለሚከፍሉ ከዚህ ክፍያ ነጻ አደረጋቸው። እንግዲህ ጎብኚ ያልጐደለበት ከተማ እንኳ በሚያድረውና በማያድረው እንግዳ መካከል ልዩነት እንዳለ ተረድቷል ማለት ነው።

ስለ መቃወሚያዎቹ

ከዚህ በላይ የተነገረውን የሚቃወሙ ሰዎች አሉ፤ መቃወሚያቸውም ሊሰማ የሚገባው ነው።

1ኛ፤ «ማደር ወጪ ይጨምራል» ይላሉ። እውነት ነው። ነገር ግን የጉዞ ትልቁ ወጪ መኪናው ነው፤ እርሱም ቢያድሩም ባያድሩም አይቀርም። ብዙ ተማሪዎች በአንድነት በቀላል ማረፊያ ቢያርፉ፣ ስንቅም ከቤት ቢይዙ ወጪው ይቀንሳል። ሁለት ጊዜ ደርሶ ከመመለስ ይልቅ ሁለት ዓመት ቈጥቦ አንድ ጊዜ አድሮ ማየት ይሻላል።

2ኛ፤ ወላጆች፣ ይልቁንም የሴቶች ልጆች ወላጆች፣ ስለ ልጆቻቸው ደኅንነት ያስባሉ። ይህ አሳብ ሊናቅ አይገባም። የመንገዱ ሰላም ካልተረጋገጠ መሄድም ማደርም አያስፈልግም። ሰላም ከሆነ ግን ሴት መምህራን አብረው እንዲሄዱ፣ የወንዶችና የሴቶች ማረፊያ እንዲለይ፣ የወላጅም ፈቃድ በጽሑፍ እንዲሆን ማድረግ ይቻላል። እንዲያውም በአንድ ቀን 360 ኪሎ ሜትር ተራራማ መንገድ መንዳት ሾፌሩን አድክሞ ለአደጋ እንደሚያጋልጥ መዘንጋት የለበትም። አድሮ የሚነሣ ሾፌር ዕረፍት ያገኘ ሾፌር ነው።

3ኛ፤ «የሚያድር እንግዳ ሲበዛ ቅርሱን ይጐዳል» የሚሉ አሉ። ይህ ከሁሉ የከበደ መቃወሚያ ነው፤ በከፊልም ልክ ነው። የሚያድር ሰው ውኃ ይጠቀማል፤ ቆሻሻ ያወጣል፤ ለእርሱም ተብሎ ሆቴል ይሠራል። ሆቴሉ ያለ ሥርዐት ከተሠራና ፍሳሹ ካልተያዘ ጉዳቱ ለቅርሱ ይተርፋል። ስለዚህ ማደር ይሻላል ስንል ሆቴል በየቦታው ይበተን ማለታችን አይደለም። ነገር ግን ዐለቱንና ወለሉን ከሚጐዱት ነገሮች አንዱ ብዙ ሰው ባንድ ሰዓት መርገጡ ነው። የሚያድር ጎብኚ ጉብኝቱን በሁለት ቀን ስለሚያከፋፍል መጨናነቁን ይቀንሳል።

ለተማሪዎች ጉዞ የሚሆን አሳብ

ለማጠቃለያ በሥራ ላይ ሊውል የሚችል ዕቅድ እናቀርባለን። ጉዞው ቅዳሜና እሑድ ቢሆን የትምህርት ቀን አይባክንም። ቅዳሜ ረፋድ የሰሜኑን ክፍል ማየት፤ በሮቹ በሚዘጉበት በቀትር የቅዳሜውን ገበያ መጐብኘት፤ ከሰዓት በኋላ የደቡቡን ክፍል አይቶ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ቤተ ጊዮርጊስ መድረስ። ማታ ያዩትን በማስታወሻ ደብተር መጻፍ። እሑድ ሳይነጋ ተነሥቶ የሚወድ ቅዳሴውን ያስቀድሳል፤ የሌላ ሃይማኖት ተከታይ የሆነ ጓደኛችንም በአክብሮት ከውጭ ሆኖ ማዳመጥና አሠራሩን መመርመር ይችላል። ከቁርስ በኋላ በትናንቱ ማስታወሻ ላይ ያልተመለሰውን ጥያቄ ይዞ ወደ አንዱ ቤተ ክርስቲያን እንደገና መሄድ ይገባል። የማደር ዋናው ጥቅሙ ይህ ሁለተኛው ጊዜ ነው፤ በመጀመሪያው ጊዜ ሰው ይደነቃል፤ በሁለተኛው ጊዜ ይማራል።

ጥቂት የሥርዐት ነገርም እንጨምር። በመግቢያው ጫማ ይወለቃል፤ ልብስ ጨዋ መሆን አለበት። ወደ ቤተ ጎልጎታ ሴቶች እንደማይገቡ አስቀድሞ ማወቅ መልካም ነው። በጸሎት ላይ ያለን ሰው ሳያስፈቅዱ ፎቶግራፍ ማንሣት ነውር ነው። በግድግዳ ላይ ስም መጻፍ ደግሞ ወንጀል ነው። 800 ዓመት የቆየ ድንጋይ የእኛን ስም እንዲሸከም አልተጠረበም።

የተከበራችሁ መምህራንና ወላጆች፤ የሚመጣው ዓመት የጉዞ በጀት ሲመደብ ለአንድ ሌሊት የሚሆን ገንዘብ እንድትጨምሩልን በትሕትና እንለምናለን። የተወደዳችሁ ጓደኞቼ፤ እኛም በበኩላችን ከአሁኑ ጀምረን ከኪስ ገንዘባችን እንቈጥብ። እነዚያ ጠራቢዎች ዐለቱን ከላይ ወደ ታች ሲያወርዱ አልቸኰሉም፤ ቢቸኵሉ ኖሮ አንድ የተሳሳተ ምት ሥራውን ሁሉ ባበላሸባቸው ነበር። እኛም ሥራቸውን ለማየት ቢያንስ አንድ ሌሊት ልንሰጣቸው ይገባል እያልኩ አሳቤን በዚህ እፈጽማለሁ።